የታስኒም ዕድሜ በሦስት አገር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017

ኢኽላስ ዛሬ ጋራዥ መጣች። ከተፋታን ወዲህ እዚያ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። የቡና መፈልፈያ ሞተር ፈትቼ እጄ ግሪስ በግሪስ ስለነበር ሰላምታው በአንገት ሆነ፤ ሁለታችንም ተገላገልን።

በሩ ላይ ቆማ በዓረብኛ ነበር የምታወራው፤ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ሣህሉ እንዳይሰሙ ይመስለኛል። እሳቸው ዓረብኛ ባይችሉም ፊታችንን አይተው ገብቷቸዋል፤ ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉት። ነገሩ እንዲህ ነው። ካይሮ ያለው ወንድሟ ለእሷና ለልጃችን ለታስኒም የመግቢያ ፈቃድ አስጨርሷል። እናቷም እዚያው ናቸው። የእሷ ወረቀት ሙሉ ነው፤ የታስኒም ፓስፖርት ግን አባት ካልፈረመ አይወጣም።

«ትፈርምልኛለህ?» አለችኝ።

«እስቲ» አልኳት በአማርኛ።

«ይህን ቃል አሁን አውቄዋለሁ። እምቢ ማለት ነው» አለችና ሄደች።

እምቢ አላልኩም። እስቲ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እሸት ቡና መድረስ ጀምሯል። ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ዓመቱን ሙሉ የረሱትን ማሽን የሚያስታውሱት አሁን ነው። ዛሬ ግን መብራት ጠፍቶ ጋራዡ ስለተዘጋ ቤት ዋልኩ። ቤት ስል አንዲት ክፍል ናት። ሥራ ሳይኖር ሰው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላውቅም፤ ስለዚህ ልጻፍ።

ኦምዱርማን ጄኔሬተር ጠጋኝ ሆኜ ስኖር ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። የኢኽላስን እናት፣ ሐጃን፣ ያወቅኋቸው ጄኔሬተራቸውን ልጠግን ገብቼ ነው። ሥራውን ስጨርስ ሳትበላ አትወጣም አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ጄኔሬተሩ ባይበላሽም እሄድ ነበር። ልጃቸውን ስጠይቅ ወንዶቹ ልጆቻቸው «ለሐበሻ?» ብለው አጉረመረሙ። ሐጃ «ለሰው ነው የምሰጣት» ብለው ዘጉት።

ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። እነሱ ወደ ግብፅ ሄዱ፣ እኔ ሚስትና ልጄን ይዤ በመተማ በኩል ወደ ጅማ። አገር እያለኝ ካይሮ ሄጄ እንደገና እንግዳ ልሁን? እዚህ ታላቅ እህቴ ዙቤይዳ ቤት አረፍን። ለሁለት ወር ብለን ዓመት አለፈን። ኢኽላስ አማርኛም ኦሮምኛም አታውቅም ነበር። እኔ ለሥራ ሰቃና ሸቤ ስመላለስ እሷ ከግቢው አትወጣም። ስመለስ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ ባንዴ ታወራኛለች። ደክሞኝ እተኛለሁ። ሰው ደክሞት ቢተኛ ምን ያጠፋል?

እናቴ ጋ እንሂድ አለች። እምቢ አልኩ። ደጋገመችው። አንድ ቀን የፍቺው ቃል ከአፌ ወጣ። አንዴ ነው ያልኩት፤ ሦስቴ አላልኩም። ዒዳዋ፣ የፍቺ መጠበቂያ ጊዜዋ፣ እስኪያልቅ ልመልሳት እችል ነበር፤ ሦስት ወር ገደማ ጊዜ አለ። ያን ሰሞን ሥራዬ ሸቤ ነበር። አልተመቸኝም።

ጋሽ ሣህሉ ትናንት ይህንኑ ሲያነሱብኝ «ሸቤ እኮ ጠዋት በሚኒባስ ሄደህ ማታ የምትገባበት ነው» አሉኝ። እሳቸው ሞተር እንጂ የሰው ነገር አያውቁም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

እሑድ የታስኒም ቀን ነው። ዙቤይዳ ጋ ወሰድኳት። ከእህቴ ልጆች ጋር በኦሮምኛ ትጣላለች፣ ለእኔ በአማርኛ ትከሳቸዋለች፣ ስታለቅስ ግን በዓረብኛ ነው።

ዙቤይዳ የካይሮን ነገር ስትሰማ ቡናዋን አስቀመጠች። «በጨረቃ ከቆጠርክ እኮ ልጅቷ ሰባት ሞልቷታል። ሰባት ከሞላት የአንተ ናት። ማሎ ሸኩሬ፣ እባክህ፣ ምን ትጠብቃለህ? ከእኔ ልጆች ጋር ታድጋለች» አለችኝ። ደግሞ አንዴ ግብፅ ከገባች ስሟን ትሰማለህ እንጂ ፊቷን አታይም አለች።

ይህን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ቃዲ ሼህ አብዱልሃዲ ጋ ሄድኩ። ልጅነቴን ያውቁታል፤ ቁርኣን ያቀሩኝ ወንድማቸው ናቸው። አስቀምጠው አዳመጡኝ።

እንደነገሩኝ ከሆነ፣ እኛ በያዝነው መዝሀብ፣ በያዝነው የሕግ መንገድ፣ ልጅ ክፉና ደጉን እስኪለይ እናቱ ጋ ይሆናል፤ ሰባት ዓመት ገደማ። ከዚያ ልጁ ይጠየቃል፣ የመረጠው ጋ ይሄዳል። የሱዳን ሕግ ለሴት ልጅ ዘጠኝ ዓመት ይላል፤ አንዳንዴ ዳኛው ያራዝመዋል። ካይሮ ደግሞ ወንድም ሆነ ሴት አስራ አምስት። እናት ልጅን ከአባቱ ፈቃድ ውጪ ሩቅ አገር አትወስድም፤ ይህ በሁሉም ዘንድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

«ሃይማኖቱ አንድ ሆኖ ዕድሜው እንዴት ሦስት ይሆናል?» አልኳቸው።

«ቁርኣን ቁጥር አላስቀመጠም። ቁጥሩን ያስቀመጡት ልጅ ሲያድግ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የየአገሩን ልጅ አይቶ።» ከዚያ ጨመሩ። «ይህ ልጅ የመያዝ ነገር ሐዳና ይባላል፤ ማቀፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስትጠይቀኝ የአቃፊውን መብት ነው የጠየቅከኝ። የታቃፊዋን አልጠየቅከኝም።»

ልክ ነው አልኳቸው። ከዚያ ጉዳዩን ማየት የሚችሉት ሁለታችንም ፈቅደን ከመጣን ብቻ እንደሆነ፣ ኢኽላስ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ልሂድ ብትል መብቷ እንደሆነ ነገሩኝ።

ስወጣ በልቤ ያለው አንድ ነገር ነበር። ታስኒም እዚህ ሰባት ናት። ካይሮ ከገባች እስከ አስራ አምስት ሕፃን ናት። አንድ ድንበር ስምንት ዓመት ይወስድብኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

እዚሁ ጅማ መርካቶ ጫማ ገዛሁላት። የመረጠችው ጠበባት፤ ይህን ነው የምፈልገው ብላ ድርቅ አለች። የእናቷ ልጅ።

በባጃጅ ስንመለስ ሼሁ ከማን ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ አልኳት።

«ምን እንድል ነው የምትፈልገው?» አለችኝ።

የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሰቃ። የመፈልፈያው ኩሽኔታ ተሰብሮ ማጠቢያው ሁለት ቀን ቆሟል። ቡናው ጆንያ ውስጥ እየሞቀ ነው፣ ባለቤቱ ይጮሃል። ዝናብ ባልጠበቅነው ሰዓት። ጅማ ለመመለስ መኪና የለም። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ታስኒም ዛሬ ፈተና ነበራት፤ አልደወልኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ኢኽላስ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እመጣለሁ ብላ ፈረመች። ዙቤይዳ ይህች ሴት ሕጉን አታውቅም እንዴ ብላ ሳቀች። እኔም ገርሞኛል። መደበኛው ፍርድ ቤት ብትሄድ ክርክሩ ይረዝምልኝ ነበር፤ ማለቴ ይረዝምብኝ ነበር።

ምክንያቷን የነገሩኝ አከራይዋ ወይዘሮ ብርሃንነሽ ናቸው። ኢኽላስ እሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለሙሽሮች ሂና እየቀባች ነው የምትኖረው። የልጅቷን የብርድ ሹራብ ላደርስ ሄጄ በር ላይ አገኘኋቸው። እንደነገረቻቸው፣ «መደበኛው ፍርድ ቤት በአስተርጓሚ ነው የምናገረው። ሼሁ ግን ዓረብኛ ይሰማሉ። ብሸነፍም የምለውን ተሰምቼ ልሸነፍ» ብላለች።

ወይዘሮ ብርሃንነሽ በዚያው ሳይጠየቁ «ይህች ሴት ማታ ማታ ግድግዳዋን ታወራዋለች። መጀመሪያ ስልክ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ሹራቡን ሰጥቼ ተመለስኩ።

ጅማ ውስጥ ስንት ሰው አለ። ከፈለገች ታወራ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ታስኒምን ወደ ቦዬ ሐይቅ ወሰድኳት። ጉማሬ እናያለን ብዬ ነበር፤ አልወጣም። ሳሩ ላይ ተቀምጠን ስለ ኦምዱርማን አወራኋት፤ ስለ ዓባይ፣ ስለ አያቷ ግቢ፣ ስለ ጄኔሬተሩ። እሷ ትንሽ ትንሽ ነው የምታስታውሰው። ብዙ አወራሁ መሰለኝ።

«አባ፣ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምታወራው?» አለችኝ።

እንዴት አልኳት።

«ሌላውን ቀን ከማን ጋር ታወራለህ?»

ከሞተር ጋር አልኳት። የሳቀች መስሎኝ ነበር። ዞር ብዬ ሳያት አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

አልቋል።

ሼህ አብዱልሃዲ ሁለታችንንም ሰሙን። ኢኽላስ ረጅም ተናገረች፣ በጥሩ ዓረብኛ፤ እንዲህ ስትናገር ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ሆኗል። ስለ እኔ ክፉ ቃል አልወጣትም። ልጅቷ ሥራ ከሚያዞረው አባት ጋር ብትሆን የሚያሳድጋት አባቷ ሳይሆን አክስቷ ናት አለች። እኔ ደግሞ አገሯ ነው፣ ትምህርት ጀምራለች፣ ዘመድ አላት አልኩ። ሁሉም እውነት ነው።

ከዚያ ሼሁ ታስኒምን ይዘው ወደ ትንሿ ክፍል ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ጥያቄው ይሰማል። መጀመሪያ በዓረብኛ ጠየቋት፣ ቀጥለው በኦሮምኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ። በየትኛው ቋንቋ እንደምትዋሽ ለማወቅ ይመስለኛል። ሦስት ጊዜም መልሷ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሌላ ነገር በቀስታ ተነጋገሩ፤ አልሰማሁትም።

ኢኽላስ አላለቀሰችም። ሼሁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እዚሁ ብቀር በየቀኑ አያታለሁ ወይ አለች። ታያታለሽ አሏት።

«እንግዲያው ካይሮ ቀረ። ልጄ ያለችበት ነኝ» አለች።

ዙቤይዳ ከደስታዋ ብዛት ሰፈሩን በሙሉ ጠርታለች። እኔ ብዙም አልበላሁም። ኢኽላስ ጅማ ልትቀር ነው። ይህን ስሰማ ሌላ ነገር አላሰብኩም። የወይዘሮ ብርሃንነሽ ክፍል ለብርድ መጥፎ እንደሆነ፣ ከእኔ ጎን ያለችው ክፍል ደግሞ ባዶ እንደሆነች ግን ትዝ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ታስኒም ገብታለች። አንድ ቦርሳ። ጠዋት ፀጉሯን ማበጠር አልቻልኩበትም። ጎረቤት ጠራሁ። ነገ ሸቤ እንድሄድ ተጠርቻለሁ። ዙቤይዳ ጋ ትቆያለች።

ጋሽ ሣህሉ እናቷ እያለች ለምን አክስቷ ጋ አሉ። የተፈረደው ለእኔ ነው አልኳቸው። ሬዲዮናቸውን ከፈቱ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ሸቤ አራት ቀን ብዬ ነበር፤ ይኸው ስድስት ሆነ፣ አልተመለስኩም። ቺንጊያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ። ስደውል ዙቤይዳ ደህና ናት ትላለች። ታስኒም ስልኩን ትይዝና ዝም ትላለች። ኔትወርክ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ትናንት ተመልሼ ከዙቤይዳ ቤት ወሰድኳት። ዙቤይዳ በር ላይ ያዝ አድርጋኝ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ጋ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች፣ ግቢ ግቢ ብትባል እሺ አትልም፣ እናቷ በየቀኑ መጥታ ስትሄድ ደግሞ ያው ናት አለችኝ። «ምን ሆነች እንበል? እኛ ምን አጎደልንባት?» አለች። ምንም አላጎደሉም። እዚያው በር ላይ፣ እዚያችው ድንጋይ አጠገብ፣ ኢኽላስም ትቆም ነበር። ያኔ ዙቤይዳ ይህንኑ ነገር በዚሁ ቃል ነግራኝ ነበር። እኔም ያኔ ትለምደዋለች ብያለሁ።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። ቦርሳዋን ተሸክሜ፣ እሷ ትንሽ ወደኋላ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ከእኔ ጋር በመሆንሽ ደስ አላለሽም ወይ አልኳት።

«እማዬ ሐቦባ አላት» አለች፤ ሐቦባ ማለቷ አያቷን ነው። «አጎቶቼም አሉ። አንተ ግን ማንም የለህም። ለሼሁ እንደዛ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። አልነገሩህም?»

ባጃጅ አልፎ እስኪሄድ ጠበቅሁ።

ጥቅምት ላይ የነገርኳትን ቃል አላለችም። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ዘመዶቿ ብዙ አስጠንቻት ነበር፤ አንዱንም አልተጠቀመችበትም። የራሷ ምክንያት ነበራት። የሰባት ዓመት ልጅ፣ በጨረቃም ቢሆን፣ አባቷን ልታሳድግ ቀርታለች።

እኔ ከጥቅምት ወዲህ የማንን መብት ስጠይቅ እንደከረምኩ ዛሬ ገባኝ ብል ውሸት ነው። ሼሁ ሲነግሩኝም ገብቶኝ ነበር። ኢኽላስ የሳምንቱን ወሬ ባንዴ ስታወራኝም ገብቶኝ ነበር። ሰው የገባውን ነገር ይዞ መተኛት ይችላል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ሼህ አብዱልሃዲ ጋ ተመለስኩ። ምክንያቷን ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

«በአደራ ነው የነገረችኝ። ደግሞም ምክንያቷ ልክ ነበር» አሉ።

እንድትሄድ ልፈቅድ ነው አልኳቸው። መብቱ የእኔ እንደሆነ፣ መተውም እንደምችል፣ ግን ግብፅ ከገባች በኋላ ሐሳቤን ብቀይር የሚዳኘኝ የዚያ አገር ሕግ እንደሚሆን ነገሩኝ። ያኔ ሰባት የሚባል የለም። ሁለት ጊዜ ደጋግመው አሳሰቡኝ፤ የሰማሁ አልመሰላቸውም። ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወይዘሮ ብርሃንነሽ ግቢ ሄጄ ለኢኽላስ ነገርኳት። የሙሽራ እጅ ይዛ ነበር። ሂናውን ሳታቋርጥ አበባውን ጨረሰች። ከዚያ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሳትወጣ ስለቆየች ሄድኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ፈረምኩ። ዙቤይዳ አታናግረኝም። መስጊድ በር ላይ የማላውቀው ሰው፣ ልጁን ለሰው አገር የሰጠው ይህ ነው ብሎ ለሌላው ሲነግረው ሰማሁ። ጋሽ ሣህሉ ምሳዬን ከፈሉልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ ንጋት ላይ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጭነት ሲጭን ታስኒም መስኮት በኩል ተቀምጣ ከፊቷ ካለች ልጅ ጋር ወሬ ጀምራለች። ኢኽላስ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ብርድ ነበር። ለሐጃ ሰላምታ አድርሽልኝ አልኳት፤ አደርሳለሁ አለች። ሌላ የምለው ነበረኝ። ከኅዳር ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ።

«ሸኩር» አለችኝ፣ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ፣ በዓረብኛ። «እኔ አንተን ብሆን አልፈርምም ነበር።»

ገባችና በሩ ተዘጋ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ፣ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ታስኒም እጇን አውለበለበች፤ ለእኔ ይሁን ለቆሎ ሻጯ እርግጠኛ አይደለሁም።

ዓርብ፣ ጥር 16

ሰቃ። ማጠቢያው እየተዘጋ ነው። መፈልፈያውን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ለከርሞ ዘይት ቀብቼ ስጨርስ ስልኬ ጮኸ፤ የግብፅ ቁጥር። ማሽን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ታስኒም ናት። አጎቷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ ሐቦባ ቁልቁል አትወርድም፣ ትምህርት ቤት ልጆቹ በአነጋገሯ ይስቁባታል። ሁሉንም ባንዴ ነገረችኝ። እየጠየቅሁ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት።

«አባ፣ አሁን ማን አለ ከአንተ ጋር?»

ሰው ሞልቷል አልኳት።

«አይሰማም።»

ስልኩን ይዤ ወጣሁ። ውጪ፣ ማስጫ አልጋዎቹ ጋ፣ ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ቆመው የደረቀውን ቡና ይለቅማሉ። ሮጬ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ። አንዲት ሻሽ ያሰረች ትልቅ ሴት ማን ናት አለችኝ በኦሮምኛ። «ኢንታላ ኮቲ፣ ልጄ ናት። እስቲ ድምፃችሁን አሰሟት» አልኳት፤ ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ሳቁ። መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ አንዷ «አካም ጅርታ» አለች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ እስከ ወዲያኛው አልጋ ጫፍ ድረስ እየተቀባበሉ ሰላም አሏት። ታስኒም በኦሮምኛ ለሁሉም መለሰች። ስትስቅ ሰማኋት።

«ብዙ ናቸው» አለችኝ። «ሁልጊዜ አሉ?»

«ሁልጊዜ» አልኳት።

«እሺ። በቃ ልሂድ፣ ልጆቹ እየጠሩኝ ነው» አለችና ዘጋች።

ሴቶቹ ወደ ቡናቸው ጎንበስ አሉ። ሻሽ ያሰረችው ሴት ልጅህ ምን አለችህ አለችኝ። ሁልጊዜ አላችሁ ወይ ብላ ጠይቃኝ አዎ ማለቴን ነገርኳት። ከአልጋው ላይ አንድ ጥቁር ፍሬ ለቅማ ጣለች።

«እኛ እኮ ነገ ነው የምንጨርሰው» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት።